በጆሮ መንዳት፦ ዐይነ ስውር ነጂና መንገድ አንባቢው ለራሊ ሜዳ እንዴት ይዘጋጃሉ

ራሊን ከሌላው የመኪና ውድድር የሚለየው መኪናው ውስጥ ሁለት ሰው መኖሩ ነው። አንዱ ይነዳል፤ ሌላው መንገዱን ጮክ ብሎ ያነብለታል። ከዳገት ጀርባ የተደበቀውን ኩርባ ዐይናማውም ነጂ አያየውም፤ የሚያምነው ጆሮው ውስጥ የገባውን ቃል ነው። ዐይነ ስውር ሰው መሪ ይዞ መኪና እንዲነዳ የሚያስችለውም ይኸው የሁለት ሰው ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ በራሊ ዓለም ኮድራይቨር የሚባለውን ሰው «መንገድ አንባቢ» ወይም ባጭሩ «አንባቢ» እንለዋለን።

ነገሩ የሚቻል መሆኑ ከተረጋገጠ ቆይቷል። ቤልጅየማዊው ሉክ ኮስተርማንስ በ2008 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ በኢስትር አየር ማረፊያ ላምቦርጊኒ ጋላርዶ ሲነዳ 308.78 ኪሎ ሜትር በሰዓት ደርሷል። እንግሊዛዊው ማይክ ኒውማን በ2014 እ.ኤ.አ. በፖርሽ ከ322 ኪሎ ሜትር በሰዓት አለፈ። አሜሪካዊው ዳን ፓርከር ደግሞ በማርች 2022 ኒው ሜክሲኮ ላይ በኮርቬት 211.043 ማይል በሰዓት፣ ማለትም ወደ 340 ኪሎ ሜትር ግድም ሮጧል። እነዚህ ሁሉ ግን በሰፊና ቀጥ ባለ የአውሮፕላን ሜዳ የተሠሩ ናቸው። ኩርባ ሲመጣ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ይህ መመሪያም የሚያተኩረው እዚያ ላይ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። በመደበኛ ራሊ የፍጥነት ክፍሎቹ ዝግ ቢሆኑም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚኬደው በሕዝብ መንገድ ነው፤ ስለዚህ ነጂው መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። ዐይነ ስውር ሰው በነጂነት ሊሰለፍ የሚችለው ከትራፊክ ፍጹም በተዘጋ ሜዳ፣ በሰዓት በሚለካ የኮን (መስመሩን የሚያሳዩ ሾጣጣ የፕላስቲክ ምልክቶች) ውድድር ነው። በሕዝብ መንገድ ላይ ከሆነ ቦታዎቹ ይለዋወጣሉ፤ ዐይናማው ይነዳል፣ ዐይነ ስውሩ በብሬል መንገዱን ያነባል። ሁለተኛውን መጨረሻ ላይ እንመጣበታለን።

ሜዳው

መጀመሪያ የሚሰላው ስፋቱ ነው፤ ስሌቱም የሚነሳው ከድምፅ መዘግየት ነው። አንባቢው አንድ ቃል ተናግሮ ለመጨረስ ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። ነጂው ሰምቶ፣ ተረድቶ፣ እጁን ወይም እግሩን እስኪያንቀሳቅስ ሌላ 0.7 ሰከንድ ይሄዳል። ድምሩ 1.2 ሰከንድ ነው። መኪናው በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ 10 ሜትር ይጓዛልና ትእዛዙ ሥራ ላይ እስኪውል 12 ሜትር አልፏል። ጠጠር ላይ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ሌላ 11 ሜትር ግድም ያስፈልገዋል። በ72 ኪሎ ሜትር የመዘግየቱ ርቀት 24 ሜትር፣ የፍሬኑ ደግሞ 44 ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የመዘግየቱ ርቀት እጥፍ፣ የፍሬኑ ግን አራት እጥፍ እንደሚያድግ ልብ በሉ።

ስለዚህ እስከ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመንዳት ያሰበ ቡድን ከኮኖቹ ውጭ በየአቅጣጫው ቢያንስ 40 ሜትር ባዶ ቦታ ይፈልጋል። በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ዛፍ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ቦይ፣ የቆመ መኪና ወይም ተመልካች አይኖርም። የኮኖቹ መተላለፊያ ለጀማሪ 6 ሜትር፣ ሲለመድ 4 ሜትር ስፋት ይኑረው። የመሬቱ ተዳፋትነትም ይታይ፤ ወደ ጎን ያዘነበለ ሜዳ መኪናውን ቀስ እያለ ስለሚጎትተው ጀማሪው ነጂ ስህተቱ የእጁ ይመስለዋል።

መኪናው

ለመጀመሪያዎቹ ወራት ኃይለኛ መኪና አያስፈልግም። እንደ ቶዮታ ቪትዝ ያለ አውቶማቲክ ትንሽ መኪና ይበቃል፤ ነጂው ስለ ፍሪሲዮንና ስለ ማርሽ ሳያስብ ሙሉ ትኩረቱን ለጆሮው ይሰጣል። ማኑዋል የሚመርጡም አሉ፣ ምክንያታቸውም ጥሩ ነው፦ ማርሹ ሁለተኛ ላይ ተቆልፎ ከተነዳ የሞተሩ ድምፅ ራሱ የፍጥነት መለኪያ ይሆናል። ጆሮው የሠለጠነ ሰው የሞተሩን ጩኸት ሰምቶ 25 ወይም 35 ላይ እንዳለ ያውቃል። ይህ ግን በኋላ የሚመጣ ትምህርት ነው፤ በአውቶማቲክ ጀምሩ።

ዋናው መሣሪያ በአንባቢው እግር ሥር የሚቀመጠው ሁለተኛ ፍሬን ነው። በአሽከርካሪ ማሠልጠኛ መኪኖች ላይ የሚገጠመው ዓይነት ይበቃል። ይህ ከሌለ መኪናው ከቦታው አይነቃነቅ። የእጅ ፍሬን አይተካውም፤ የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሚይዝ በኩርባ ላይ ከተጎተተ መኪናውን ያዞረዋል። ሞተር ማጥፊያ ቁልፍ በአንባቢው በኩል ማስገጠም ጥሩ ነው፣ ግን የመጨረሻ አማራጭ መሆኑ ይታወቅ። ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይደነድናል።

መሪው ላይ ምልክት ይደረጋል። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሳለ የመሪው አናት ላይ ቀጭን ሲባጎ አምስት ጊዜ ተጠምጥሞ በናስትሮ ይታሰራል፤ በግራና በቀኝ ጎኑ ደግሞ ሁለት ሁለት ጊዜ ብቻ የተጠመጠመ ቀጭን ምልክት ይደረጋል። ነጂው አናቱን ከጎኑ በውፍረቱ ይለየዋል። ኤርባግ በሚወጣበት መሃለኛው ክዳን ላይ ግን ምንም ነገር አይለጠፍ፤ ሲፈነዳ ፊት ላይ ይወረወራል።

የመቀመጫው ነገር ችላ መባል የለበትም። ዐይነ ስውር ነጂ መኪናው ምን እያደረገ እንደሆነ የሚነግረው ጀርባውና ወገቡ ነው። ወንበሩ ልል ከሆነ ወይም ቀበቶው ከላላ፣ ሰውነቱ በኩርባ ሲንሸራተት የመኪናውን መንሸራተት ከራሱ መንሸራተት መለየት ያቅተዋል። ቀበቶው ይጥበቅ፣ ወንበሩ ክርኑ ትንሽ ታጥፎ አንጓው የመሪውን አናት በሚነካበት ርቀት ላይ ይቁም።

ለድምፅ፣ ሄልሜት ከተደረገ የራሊ ኢንተርኮም (ሄልሜቱ ውስጥ የሚገባ መነጋገሪያ) ያስፈልጋል፤ ፔልቶርና ስቲሎ በብዛት የሚታወቁ ሥሪቶች ናቸው። በሁለቱም ጆሮ እኩል ድምፅ መስማት አለበት። አንደኛው ጆሮ ከደከመ ነጂው ሳያውቀው ድምፁ ወደሚበረታበት ጎን ያዘነብላል። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ በየቀኑ ጠዋት አዲስ ባትሪ ይግባ። በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች በሚደረገው የመጀመሪያ ልምምድ መስኮት ተከፍቶ መንዳት ይመረጣል፤ ነጂው የጎማውን ድምፅ፣ ከጠጠር ወደ አስፋልት መሻገሩን፣ በአጠገብ ያለ ግድግዳ የሚመልሰውን ጩኸት ሁሉ ይማርበታል።

ለጤና ሁለት ነገር፦ ሬቲናው የመላቀቅ አደጋ ያለበት ወይም በቅርቡ የዐይን ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ከመንገጫገጩ በፊት የዐይን ሐኪሙን ያማክር። ብርሃንና ጥላ ብቻ የሚለይ ነጂ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ከማያይ ሰው ይበልጥ ይቸገራል፤ የምሰሶ ጥላ ሲያልፍ እጁ ይደነግጣል። ዐይን መሸፈኛ አድርጎ ይሞክር፤ ዐይነ ስውራን ድምፅ ባለው ኳስ በሚጫወቱት በጎልቦል ስፖርትም ተጫዋቾች ሁሉ ዐይናቸውን የሚሸፍኑት በእኩል እንዲወዳደሩ ነው።

ቋንቋው

የሥራው ሁሉ ልብ እዚህ ነው። መኪና ገዝተው፣ ሜዳ ተከራይተው፣ ቋንቋቸውን ሳይስማሙ የሚጀምሩ ቡድኖች በመጀመሪያው ቀን ኮን ይደረምሳሉ።

አማርኛ ግሡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። «ትንሽ ወደ ቀኝ አዙር» ሲባል ዋናው ድርጊት የሚሰማው ሌላው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ እስከዚያ መኪናው ብዙ ሜትር ሄዷል። ስለዚህ በሜዳው ላይ ዓረፍተ ነገር የለም። አቅጣጫ ይቀድማል፣ መጠን ይከተላል፦ «ቀኝ… ስንዝር»። ነጂው «ቀኝ» የሚለውን ሲሰማ እጁ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ መጠኑ ሲደርሰው ይቆማል።

የአክብሮትና የፆታ ጉዳይም አለ። አንባቢው ለአባቱ እኩያ ሰው «ይቀንሱ»፣ ለእህቱ «ቀንሺ»፣ ለጓደኛው «ቀንስ» የሚል ከሆነ ቃሉ በየሰዉ ይለዋወጣል፣ ይረዝማልም። መፍትሔው ከግሥ ይልቅ ስምን መጠቀም ነው። «ፍሬን»፣ «ነዳጅ»፣ «ባዶ» አንቱታም ፆታም የላቸውም። ከመኪናው ሲወጡ ጋሼም እትዬም በቦታቸው ይመለሳሉ።

ቃላቱ ሲመረጡ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ይወገዳሉ። «ቀጥ» እና «ቀኝ» በአንድ ፊደል ይጀምራሉ፤ በሞተር ጩኸት ውስጥ የመጀመሪያው ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ጊዜ ስላለ «ቀጥ» ፈጽሞ አይነገር። በምትኩ «መሃል» ይባላል፤ ትርጉሙም የሲባጎውን ምልክት ወደ አናቱ መልስ ማለት ነው። «ሦስት»፣ «አምስት»፣ «ስድስት» ሦስቱም በ«ስት» ያልቃሉ፤ የራሊ አንባቢዎች ኩርባን ከ1 እስከ 6 የሚያወጡበትን ቁጥር በአማርኛ እንዳለ መውሰድ ለዚህ አይመችም። «ሠላሳ» እና «ስልሳ»ም እንደዚያው ናቸው፤ ስልሳ ይቅር። «በቃ» ለማቆሚያ የሚመች ይመስላል፣ ግን በየንግግራችን መሃል ሳናስበው የምንጥለው ቃል ነው። «ቁም» ይሻላል፤ ለወንድም ለሴትም፣ ለታላቅም ለታናሽም «ቁም» እንዲሆን አስቀድሞ ይስማሙ።

የሰዓት አቅጣጫም አይመከርም። ሌሎች አገሮች መሪን እንደ ሰዓት ፊት ቆጥረው «ሦስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት» ይላሉ። በእኛ አቆጣጠር ግን ሰዓቱ በስድስት ይዛነፋል፤ አንዱ በፈረንጅ፣ ሌላው በሐበሻ አስቦ የተገላቢጦሽ ሊያዞር ይችላል። ሲወለድ ጀምሮ የማያይ ሰውም የሰዓት መርፌ ላያውቅ ይችላል። እጅ ግን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ልኩ በእጅ ይሁን።

ዲያሜትሩ 38 ሴንቲ ሜትር የሆነ መሪ ዙሪያው 119 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አንድ ጣት 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 6 ዲግሪ ያዞራል። አራት ጣት፣ ማለትም አንድ መዳፍ፣ 24 ዲግሪ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስንዝር 60 ዲግሪ ነው። (ጋት የሚለው ጥንታዊ ልክ ከመዳፍ ጋር አንድ ነው፣ ግን ከጣት ጋር ስለሚመሳሰል አይመረጥም።) መሪው 16 ለ1 በሆነ (መሪው 16 ዲግሪ ሲዞር ጎማው 1 ዲግሪ በሚዞርበት)፣ የፊትና የኋላ ጎማዎቹ ርቀት 2.5 ሜትር በሆነ መኪና ላይ በዝግታ ሲነዳ፣ መዳፍ 95 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ያዞራል፤ ስንዝር 38 ሜትር፤ ሁለት ስንዝር 19 ሜትር፤ ሦስት ስንዝር፣ እሱም «ግማሽ» የሚባለው፣ 12 ሜትር ተኩል ግድም። የእናንተ መኪና ልኩ ይለይ ይሆናል፤ ሜዳ ላይ ነድታችሁ በሜትር ለኩና ጻፉት።

መዳፍ፣ ስንዝርና ግማሽ ሁልጊዜ የሚቆጠሩት ከመሃል ነው። «ቀኝ ስንዝር» ሲባል ምልክቱ ከአናት ወደ ቀኝ ስንዝር ያህል ርቆ ይቁም ማለት ነው፤ መሪው አሁን ያለበት ቦታ አይጠየቅም። ጣት ብቻ ካለበት ላይ ይጨመራል። ይህ ልዩነት ካልተለየ ነጂው በኩርባው መሃል በስንዝር ላይ ስንዝር ጨምሮ መኪናውን ያዞረዋል። በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው።

እንግዲህ መዝገበ ቃላቱ ይኸው፦ ግራ፣ ቀኝ፣ መሃል፣ እንዳለ (መሪው ካለበት አይነቃነቅ)፣ ጣት፣ መዳፍ፣ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር፣ ግማሽ፣ ነዳጅ፣ ባዶ (እግር ከሁለቱም ፔዳል ይነሳ)፣ ፍሬን፣ ቁም። ለርቀት መቶ፣ ሃምሳ፣ ሠላሳ፣ አሥር ብቻ። ከዚህ ውጭ መኪናው ሲንቀሳቀስ «ጎበዝ» እንኳ አይባልም።

ከሁሉም የሚበልጠው ሕግ ደግሞ ይህ ነው፦ ዝምታ ማለት ቁም ማለት ነው። አንባቢው ሁሉ ነገር ደህና ቢሆንም መናገሩን አያቋርጥም፤ «መሃል… መሃል… መሃል» ወይም በኩርባ ላይ «እንዳለ… እንዳለ» እያለ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ይቀጥላል። ነጂው ለሁለት ሰከንድ ምንም ካልሰማ ሳይጠይቅ ፍሬን ይይዛል። ኢንተርኮሙ ቢቋረጥ፣ አንባቢው ቢያስነጥሰው፣ ባትሪ ቢያልቅ፣ ድንጋጤ አፉን ቢይዘው መኪናው ይቆማል። «ችግር ሲኖር እነግርሃለሁ» ብሎ ዝም የሚል አንባቢ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ከዚያ ወንበር ይነሳ።

ልምምዱ

በመጀመሪያው ቀን መኪናው አይሄድም። የፊቱ ጎማዎች በክሪክ ተነስተው በጠንካራ ማስደገፊያ ላይ ይቀመጡ። ነጂው መሪውን በሁለት እጁ በጎን ምልክቶቹ ላይ ይይዛል፣ እስከ ግማሽ ዙር ድረስም እጁን ከያዘበት አያነሳም። እጆቹ ቢጠላለፉም ችግር የለም። መሪውን እየለቀቀ የሚያንሸራትት ሰው ምልክቱ የት እንዳለ ይጠፋዋል፤ ሳይለቅ የሚያዞር ግን ክንዱ ራሱ ይነግረዋል። ለ20 ደቂቃ አንባቢው በዘፈቀደ ይጥራ፣ ሦስተኛ ሰው በመሪው ላይ የደረሰበትን ይለካ። ስንዝር ሲባል ከሁለት ጣት በላይ ካልተሳሳተ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ቀጥሎ 100 ሜትር ቀጥ ያለ መስመር በኖራ ይሰመራል። ፍጥነት 10 ኪሎ ሜትር። ከኋላ በእግሩ የሚከተል ሰው መኪናው ከመስመሩ የራቀበትን ቦታ ምልክት ያደርጋል። ዓላማው አሥር ጊዜ በተከታታይ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ከአንድ ሜትር በላይ አለመውጣት ነው። ከዚያ 15፣ ከዚያ 20፤ በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ አይጨመር። ምክንያቱ ቁጥር ነው፦ በ36 ኪሎ ሜትር የአንዲት ጣት ስህተት በሁለት ሰከንድ መኪናውን ግማሽ ሜትር ወደ ጎን ታወጣዋለች፤ በ72 ያችው ጣት ከሁለት ሜትር በላይ ታወጣዋለች።

የማቆም ልምምድ ከኩርባ ይቀድማል። በ15፣ በ25ና በ35 ኪሎ ሜትር «ቁም» በድንገት ይባላል፣ ርቀቱ በሜትር ይለካል፣ ይጻፋል። ነጂው ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ መርገጥ ይልመድ፤ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል የፍሬን ሥርዓት) ያለው መኪና ሲንቀጠቀጥ እግሩን እንዳያነሳ አስቀድሞ ይነገረው። ኤቢኤስ በጠጠር ላይ የማቆሚያውን ርቀት እንደሚያስረዝምም ይታወቅ። ከዚያ የዝምታ ልምምድ፦ አንባቢው ሳያስጠነቅቅ ዝም ይላል። ነጂው በሁለት ሰከንድ ፍሬን ካልያዘ ልምምዱ ይደገማል። ይህን አምስት ጊዜ ያላለፈ ቡድን ወደ ኩርባ አይግባ።

ኩርባ ሲጀመር አንድ ብቻ፣ ስንዝር በሚፈልግ ክብ ላይ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ይሁን። የአነባበቡ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ «ሃምሳ ቀኝ ስንዝር» ብሎ ገና ከ50 ሜትር ያሳውቃል። ነጂው ይሰማል፣ አያዞርም፤ ርቀት ያለው የመሪ ጥሪ ሁሉ ማሳወቂያ ነው። «ሠላሳ፣ ባዶ»፤ ነጂው እግሩን ያነሳል። «አሥር»። ከዚያ ርቀት የሌለው «ቀኝ ስንዝር» ሲመጣ ወዲያው ያዞራል። «እንዳለ… እንዳለ… መሃል… ነዳጅ»። ማሳወቂያው መጠኑን አስቀድሞ ስለሰጠ ነጂው ሁለተኛውን ጥሪ ሲሰማ የሚያስብበት ነገር የለም፤ መዘግየቱም በግማሽ ያህል ያጥራል። ዐይናማ የራሊ ነጂዎችም የሚጠቀሙት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ልዩነቱ እነሱ መግቢያውን በዐይናቸው ያርማሉ፣ እዚህ ግን አንባቢው ያርማል።

ሁለት ስንዝር የሚፈልግ ኩርባ በ36 ኪሎ ሜትር ለጠጠር በጣም ከባድ ነው፤ ጎማው ይንሸራተትና መሪው ቢዞርም መኪናው ወደ ፊት ይሄዳል። ያኔ አንባቢው «ግማሽ» ብሎ መጨመር ይቃጣዋል። አይጨምር። «ባዶ» ይበል፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ጎማው መሬት ይይዛል። በ25 ኪሎ ሜትር ያው ኩርባ በቀላሉ ይታለፋል።

ሙሉውን የኮን መስመር ከመንዳቱ በፊት ነጂው በእግሩ ይሂደው፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ እርምጃውን እየቆጠረ። ካርቶን ላይ ሲባጎ በሙጫ ተለጥፎ የመስመሩ ቅርጽ ይሠራለት፤ ለኮን ምስር፣ ለመነሻና ለመድረሻ ቁልፍ ይለጠፍ። ካርታውን በጣቱ እያነበበ ጥሪዎቹን በቃሉ ለአንባቢው ይንገረው። አንባቢው ሲሳሳት «እዚህ ጋ ግራ አልነበረም ወይ?» ብሎ ከመነሳቱ በፊት የሚያርም ነጂ ዝግጁ ነው።

የሚበላሸው የት ነው

መኪናው እንደ እባብ ግራና ቀኝ የሚጥመዘመዝ ከሆነ ጥፋቱ የነጂው አይደለም። አንባቢው መኪናው መስመር ላይ ሲደርስ «መሃል» ይላል፤ በመዘግየቱ ምክንያት ግን ሲፈጸም መኪናው መስመሩን አልፏል፣ እንደገና ይታረማል፣ እንደገና ያልፋል። መድኃኒቱ መኪናው ከወጣበት ግማሹን ሲመለስ «መሃል» ማለት ነው።

መኪናው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚያደላ ከሆነ አንባቢው የተቀመጠበት ቦታ ያታልለዋል። ከጎን ወንበር ሲታይ መስመሩ ያለበት ቦታ ከነጂው ወንበር እንደሚታየው አይደለም። መኪናውን በኖራው መስመር ላይ በትክክል አቁሙና፣ ከአንባቢው ዐይን 30 ሜትር ፊት ያለው መስመር በመስታወቱ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ቀጭን ናስትሮ ለጥፉ። ያ ናስትሮ መስመሩን ሲነካ መኪናው ልክ ነው።

አንባቢው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ነጂው ይደነግጣል፤ እጁ ይጠብቃል፣ ጣት የተባለው መዳፍ ይሆናል። ድምፅ ሁልጊዜ በአንድ ልክ ይሁን፣ ከ«ቁም» በቀር። እንዲሁም ቀድሞ የሚደክመው አንባቢው ነው። ከ20 ደቂቃ በላይ ያለማቋረጥ ያነበበ ሰው ግራና ቀኝ ይቀያይራል። በሃያ ደቂቃው መኪናው ይቁም፣ ውኃ ይጠጣ። አንድ ጊዜ እንኳ ግራና ቀኝ ከተቀያየረ ያ ቀን አብቅቷል።

ጥሪውን በስልክ መቅዳትና በኋላ አብሮ ማዳመጥ ብዙ ይጠቅማል። ኮን የወደቀበትን ቅጽበት ስትሰሙ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከሦስት ሰከንድ በፊት የተባለ ወይም ሳይባል የቀረ ቃል ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ነጂውን የመምሪያው መንገድ ድምፅ ብቻ አይደለም። በጃንዋሪ 29 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ዐይነ ስውሩ ማርክ ሪኮቦኖ አሜሪካ ውስጥ በዴይቶና የመኪና ውድድር ሜዳ ፎርድ ኢስኬፕ ሲነዳ የሚንቀጠቀጥ ጓንት አቅጣጫን፣ ጀርባውና እግሩ ሥር ያለ ንጣፍ ደግሞ ፍጥነትን ይነግሩት ነበር። ያንን የሠሩት የአሜሪካ የዐይነ ስውራን ብሔራዊ ፌዴሬሽንና ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ጓንቱ ከቃል ይፈጥናል። ለኮን ሜዳ ግን ጥሩ አንባቢ ዛሬም ከማናቸውም መሣሪያ የቀረበ ነው።

በብሬል የሚነበብ ራሊ

በህንድ ከተሞች፣ ሙምባይና ቼናይን ጨምሮ፣ ዐይነ ስውራን በመንገድ አንባቢነት የሚሳተፉበት ራሊ ይካሄዳል። ነጂው ዐይናማ ነው፣ መንገዱን ግን አያውቅም፤ መመሪያው በብሬል ተጽፎ የተሰጠው ለአንባቢው ብቻ ነው። ፍጥነት አያሸንፍም፤ የተወሰነውን አማካይ ፍጥነት ጠብቆ በየጣቢያው በሰዓቱ የደረሰ ያሸንፋል። ቀድሞ መድረስም ዘግይቶ መድረስም ነጥብ ያስቀንሳል። ይህ ዓይነቱ በሕዝብ መንገድ፣ በሕጋዊ ፍጥነት የሚካሄድ ስለሆነ ለአገራችንም የሚቀርበው እሱ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አማካዩ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከሆነ ለአንድ ኪሎ ሜትር 2 ደቂቃ ይፈጃል፤ 24 ከሆነ 2 ደቂቃ ተኩል፤ 40 ከሆነ 1 ደቂቃ ተኩል። አንባቢው በሚናገር ስልክ ወይም በብሬል ሰዓት ይከታተላል፤ ነጂው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ ጮክ ብሎ ያነባል። ከመነሳታችሁ በፊት በተለካ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ቆጣሪውን ፈትሹ። ያለቀ ወይም መጠኑ የተለወጠ ጎማ ቆጣሪውን ያዛባል፤ 1.00 ላይ 1.04 ካሳየ የመመሪያው ርቀት ሁሉ በ1.04 ይባዛል።

የአማርኛ ብሬል ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ስለሚጽፍ አብዛኛው ፊደል ሁለት ሕዋስ ይፈጃል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቢጻፍ ጣት በሚንቀጠቀጥ መኪና ላይ አይደርስም። በአንድ መስመር አንድ መመሪያ ብቻ ይጻፍ፦ መጀመሪያ ርቀት፣ ቀጥሎ የቦታው ምልክት፣ መጨረሻ አቅጣጫ። «2.4፣ አደባባይ፣ ሁለተኛ መውጫ»። የመንገድ ስም በማይታወቅበት ከተማ ምልክቱ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ድልድይ ይሁን፤ በሳምንት ውስጥ ሊነሳ የሚችል የማስታወቂያ ሰሌዳ አይሁን። በየመስመሩ መካከል ባዶ መስመር ይተው። ወረቀቱ ከ140 እስከ 160 ግራም ውፍረት ይኑረው፤ ስስ ወረቀት ላይ ነጥቡ በላብና በጣት ጫና ይጠፋል። ወረቀቱ ጉልበት ላይ በተቀመጠ ጣውላ ይቆንጠጥ፣ የግራ አመልካች ጣት ከተነበበው መስመር አይነሳ።

በመጨረሻው ገጽ ላይ በታሸገ ፖስታ የመድረሻው አድራሻና የአዘጋጆቹ ስልክ በቀለምም በብሬልም ይቀመጥ። ፖስታውን የከፈተ ቡድን ነጥብ ይቀነስበታል፣ ከውድድሩ ግን አይወጣም።